ከሁለት በላይ አይችልም የተባለው ካርድ

ረቡዕ ጥር 20 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ላይ፣ መካ ውስጥ ራውዳ የምትባል የሃያ አራት ዓመት የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዎቿ ቤት በፖሊስ መኪና ተወሰደች። የተወሰደችው የምትንከባከባቸውን አሮጊት ገፍታ ጥላለች ተብላ ነው። አልገፋችም። አለመግፋቷን የሚያሳየው ምስል በዚያ ሰዓት ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ግን ገና አልተከፈተም።

ለምን በሰዓቱ እንዳልተከፈተ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የቀረው እንደሆነው ነው።

ጋዜጠኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኙን ደሴና አዲስ አበባ፣ የቀሩትን እዚህ ጅዳ። አንድ ደንብ አለኝ። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ካልነገሩኝ አንድን ነገር አልጽፍም። በዚህ ደንብ ምክንያት ብዙ ጥሩ ወሬ አምልጦኛል፤ አንድም ጊዜ ግን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደንቡ የማይደርስበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያሲን።

ያሲን የመካ ልጅ ነው። አያቱ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። አማርኛውን ያገኘው ከእናቱ ነው፤ ሲቸኩል ዐረብኛው ይቀድመዋል። እኔ መጀመሪያ ስመጣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ እስኪወጣ ድረስ ሰባት ወር የተኛሁት እናቱ ቤት፣ ከእህቶቹ ጋር ነው። የእናቴን ልጅ ያህል ነው የማየው። ጅዳ፣ አል-ባላድ ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ አለው። በሩ ላይ የአንድ ትልቅ የግራፊክስ ካርድ አምራች ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «የተፈቀደለት ሻጭ» ይላል።

ግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተር ውስጥ የምስሉን ሥራ የሚሠራው ክፍል ነው። ቪዲዮ የሚቆርጥ ሰው ያለ እሱ ብዙም አይራመድም። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራዬ አንድ ካርድ ያሲን ዘንድ ገዛሁ። ያኔ እንዲህ አለኝ፤ ይኼ ትንሹ በአንድ ጊዜ ሁለት ቪዲዮ ከአንድ ዓይነት ፋይል ወደ ሌላ ይቀይራል፣ ትልቁ ስምንት። ልዩነቱ የቺፑ አቅም ነው አለ። በሴቶች አዳራሽ ሰርግ የሚቀርጹ የአገራችን ሴቶች የትኛውን ካርድ እንግዛ እያሉ ይጠይቁኝ ስለነበር፣ በሳምንታዊው ዓምዴ ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። «የትንሹ ካርድ ቺፕ አቅሙ ሁለት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ምንጬ አንድ ሰው ነበር።

ራውዳን የማውቃት ሕመምተኛ አዛውንት ስለሚንከባከቡ ሠራተኞች ስጽፍ አነጋግሬያት ነው። የከሚሴ ልጅ ናት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ከመታጠቢያ ቤት እንደምትደውል ከማስተጋባቱ ያስታውቃል።

«እትዬ ሰዓዳ፣ የሐጃ ዳሌ ተሰንጥቋል።»

ሐጃ የምትላቸው የአሠሪዋን እናት ነው።

«መቼ ወደቁ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ትናንት ሳጥባቸው ዳሌያቸው ጠቁሮ አየሁ። ስነካው ጮኹ። ማዳምን ጠራኋት። ሐኪሙ የቆየ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይሆነዋል አለ። ማዳም አንቺ ነሽ የገፋሻቸው አለችኝ።»

«ሐጃ ራሳቸው ምን አሉ?»

«ሐጃማ እኔን በሞተች እህታቸው ስም ነው የሚጠሩኝ። ምኑን ያስታውሱታል።»

«ራውዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቅሻለሁ። ነክተሻቸዋል?»

«እኔ እናቴን አላጠብኩም፣ እሳቸውን ግን ሁለት ዓመት አጥቤያለሁ» አለች። «ካሜራ አለ እትዬ። ቤቱ ካሜራ ብቻ ነው። ካፊሌን አናግሪልኝ፣ እሱ ሰው ነው።»

ካፊሏ፣ ማለትም ስፖንሰሯና የማዳም ባል አቡ ተርኪ፣ ጡረታ የወጣ የመንገድ መሐንዲስ ነው። በስልክ ብዙ አላስለፈለፈኝም። «ከፈጅር በኋላ በሬ ላይ ነይ» አለ።

ረቡዕ ፈጅርን፣ የንጋቱን ሶላት፣ መካ ሰገድኩ። አቡ ተርኪ በቤት ልብሱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በእጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ ይዟል። የተነጋገርነው በዐረብኛ ነው።

«ስምንት ካሜራ አለ» አለኝ። «ያስገጠምኩት ሌባ ፈርቼ ነበር። የገጠመው ሰውዬ አገሩ ገብቷል፤ መክፈቻ ቃሉን እሱ እንጂ እኔ አላውቀውም። ዲስኩን ነቅዬ አወጣሁት።»

«ለምን ለእኔ ሰጡኝ?»

«ሴት ስለሆንሽ። ሚስቴና ልጆቼ በቤታቸው ሳይሸፈኑ ነው የሚሄዱት። ይህን ወንድ አያየውም። አማና ነው።»

«አማና ነው» አልኩ፤ አደራውን ተቀበልኩ።

«እስከ ዐስር ሶላት እጠብቃለሁ። ሐኪም ቤቱ የፖሊስ ወረቀት አምጣ ብሎኛል። ሚስቴ ደግሞ እንቅልፍ አልሰጠችኝም። ሶላቴን ሰግጄ ክሱን እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት ልጅቷ አለመሆኗን ካሳየሽኝ፣ ኸላስ፣ አልፈርምም።»

የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው፣ ሶላት በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ግድም ነበር። ይህን ለራውዳ በአጭር መልእክት ላክሁላት። «አላህ ያግዝሽ» ብላ መለሰች።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሂንዳዊያ ቤቴ ደረስኩ። ዲስኩ ውስጥ የስምንት ካሜራ ቅጂ አለ፤ እያንዳንዱ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ካሜራዎቹ የሚቀዱት ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የስድስት ቀን ነው። ፋይሎቹ የካሜራው ኩባንያ ብቻ በሚያውቀው ዓይነት ስለተቀዱ፣ በተለመደ ፕሮግራም ለማየት መጀመሪያ መቀየር አለባቸው። ስምንቱንም ጫንኩና ጀምር አልኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የመጀመሪያው ተነሣ። ሁለተኛው ተነሣ። ሦስተኛው ላይ ካርዱ እምቢ አለ። አጥፍቼ አበራሁት። አሁንም ሁለት። ፕሮግራሙ ለአንዱ ጥንድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ይላል። ወረቀት ላይ አሰላሁት፤ የመጨረሻው ጥንድ የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ያሲን ጋ ደወልኩ። ገና ከእንቅልፉ መነሣቱ ነበር።

«ሦስተኛውን አልቀበልም አለኝ።»

«አይቀበልም። ሁለት ነው ብዬሻለሁ እኮ ስትገዢው።»

«ስምንት ፋይል ነው ያለኝ። ከዐስር ሶላት በፊት ስምንቱም ያስፈልጉኛል።»

«ያ ኡኽቲ፣ አህያ ገዝተሽ ግመል አድርግልኝ ትያለሽ?» ብሎ ሳቀ።

አልሳቅሁም። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ራውዳን፣ ሐጃን፣ የካፊሉን ቃል፣ ሰዓቱን። ሳቁን ተወ።

«ላ ሐውለ» አለ። «የማን ልጅ ናት?»

«የከሚሴ። ያሲን፣ ስክሪኑ ላይ ቺፑ ሃያ ሁለት ከመቶ ብቻ ነው እየሠራ ያለው ይላል። የቀረው ምን እያደረገ ነው?»

ከኋላው የማንኪያ ድምፅ ይሰማል።

«እሱ ቁጥር አይታመንም» አለ። «ሁሉን ነገር አይቆጥርም።»

ማስታወሻዬ ላይ «ቁጥሩ አይታመንም፣ ያሲን፣ 1፡41» ብዬ ጻፍኩ።

«ትልቁ ካርድ ሱቅህ አለ?»

«ኸላስ፣ አልቋል። ቅዳሜ ይገባል፣ ኢንሻአላህ።»

«ዲስኩን ይዤ ብመጣስ?»

«የሱቁም ካርድ ያው ነው። ደግሞ የሰው ቤት ሴቶች ናቸው አልሽኝ፤ እዚህ የሚገባ የሚወጣው ወንድ ነው።»

ልክ ነበር። አማና ብያለሁ። ስልኩን ዘጋሁና ራውዳን በጽሑፍ ጠየቅኋት፤ ስምንቱ ካሜራዎች የት የት ናቸው? ሐጃ ብዙ ጊዜ የሚሆኑት የት ነው? እሷ እንደነገረችኝ ተራ አወጣሁ። አንደኛና ሁለተኛ የሐጃ መኝታ ቤትና ኮሪደሩ፣ ሦስተኛና አራተኛ ሳሎኑና ወጥ ቤቱ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ደረጃውና የጓሮ በሩ። ሰባተኛውን የሴት እንግዶች መቀበያውን መጅሊስ አደረግሁት፣ ስምንተኛውን የመኪና ማቆሚያውን። «መጅሊሱን ተይው እትዬ፤ ሐጃ እዚያ አይገቡም» ብላ ነበር የጻፈችልኝ። እንግዳ ሲኖር እሷም አትገባም፤ ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ልብስ አስጪ ትባላለች። እዚያ ቤት የእንግዳ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ስለዚህ እሷ ራሷ የማታውቀውን ክፍል ወደ መጨረሻ ገፋነው።

አራት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አለቁ። ሌሎቹን ሁለት አስነሥቼ ያለቁትን እያፈጠንኩ ማየት ጀመርኩ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ራውዳ ሐጃን ታገላብጣለች፣ ታበላለች፣ ጸጉራቸውን ታበጥራለች። ሐሙስ ቀን ሐጃ በጥፊ መቷት። ራውዳ እጃቸውን ይዛ ሳመችና ማበጠሯን ቀጠለች። መውደቅ የለም። የኮሪደሩ ካሜራ የሚያየው የግማሹን ኮሪደር ብቻ ነው። እዚያም የለም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛና አራተኛው ወጡ። ራውዳ ወጥ ቤት፣ ራውዳ ሳሎን። ሐጃ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ቴሌቪዥን ፊት ያንቀላፋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራውዳ የታጠበ ልብስ በዘንቢል ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ይታያል፤ ለአርባ ደቂቃ አልተመለሰችም። ሰዓቱን ጻፍኩት። በዚያን ጊዜ ሐጃ የት እንደነበሩ ከአራቱም ካሜራ አላገኘሁም።

ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ያሲን ጋ እንደገና ደወልኩ።

«ግማሹ ቀርቶኛል፤ ጊዜው ግን አይበቃኝም» አልኩት። «ሌላ መንገድ ካለ፣ ማንኛውም መንገድ፣ አሁን ንገረኝ።»

«ሰዓዳ» አለ፣ ደከም ባለ ድምፅ፣ «ቢኖር እነግርሽ አልነበር?»

ይህንንም ጻፍኩት። የምጽፈው ስለምጠራጠረው አልነበረም። ልማድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስተኛውና ስድስተኛው አለቁ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ተነሡ። ቅዳሜን ፈልጌ ደረጃውን አየሁ፤ ራውዳ ዘንቢሉን ይዛ ወደ ጣሪያ ትወጣለች። የጓሮው በር ላይ ምንም የለም። ዘጠኝ ተኩል ላይ አቡ ተርኪ ጋ ደወልኩ።

«አቡ ተርኪ፣ ሁለት ፋይል ቀርቶኛል። ሁለት ሰዓት ስጡኝ።»

«ካየሽው ውስጥ አለ?»

«እስካሁን የለም። ግን ልጅቷ ቅዳሜ ጣሪያ ላይ በነበረችበት...»

«የኔ እህት፣ ዐስር ብያለሁ። ሚስቴ ወንድሟን ጠርታለች፤ ሳሎን ተቀምጧል። ቃሌ ከዐስር አያልፍም።»

ዲስኩን ከሰጠኝ ሰውዬ ጋር ልጣላ አልቻልኩም። እሱ ያለውን ጠብቋል። በመስኮቴ የሂንዳዊያ መስጊዶች አንዱ ከሌላው እየተከታተሉ አዛን ማለት ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ካርዱ ሃያ ሁለት ከመቶ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ከራውዳ ሁለት ቃል መጣ። «እትዬ፣ መጡ።» መልሼ ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል።

ሰባተኛው ፋይል አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። በቀጥታ ወደ ቅዳሜ ሄድኩ። መጅሊሱ ውስጥ አምስት ሴቶች ተቀምጠዋል። ማዳም ሐጃን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አስገባች፤ ሴቶቹ ተነሥተው የሐጃን ግንባር ሳሙ። ጥቂት ቆይተው እንግዶቹ ሲወጡ ማዳም ልትሸኛቸው ተከትላቸው ወጣች። ሐጃ ብቻቸውን ቀሩ። የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሡ፣ አንድ እርምጃ ሄዱ፣ በጎናቸው ወደቁ። ማዳም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተመለሰች። አየቻቸው። በሩን ዘጋች። ብብታቸውን ይዛ አነሣቻቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ቀሚሳቸውን አስተካከለች፣ ገፍታ አወጣቻቸው። በዚያው ደቂቃ የደረጃው ካሜራ ራውዳን ባዶ ዘንቢል ይዛ ከጣሪያ ስትወርድ ያሳያል። ሁለት ካሜራ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። እኔ የምፈልገው ዓይነት ማስረጃ ነበር።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ ሶላት ካለፈ በኋላ መካ አቡ ተርኪ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ላፕቶፔ ላይ አየው። ሁለት ጊዜ አየው። ሚስቱን አልጠራትም።

«መቼ ነው ያገኘሽው?» አለኝ።

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ።»

«እኔ የፈረምኩት ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነው» አለና ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ክሱን ለማንሣት ሄደ። ቃሉን ሰጠ፣ ምስሉን አስረከበ። ጉዳዩ ግን ከእጁ ወጥቷል፤ ወረቀቱ ከጣቢያ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተላልፎ ነበር። ሁለት ቀን ሲሉት ሳምንት፣ ሳምንት ሲሉት ሌላ ሳምንት ሆነ። ራውዳ ሃያ ሦስት ቀን ታስራ ቆየች። ጾም የያዘችው እዚያው ነው። ጥፋት የለባትም ተብሎ ተጻፈ። ያ ቤት ግን መልሶ አልተቀበላትም፤ ሌላ ቤት እንድትዛወር ማዳም አልፈቀደችም። በረመዳን ሦስተኛው ቀን ከእስር በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዷት። ደውላልኝ ነበር። «ሐጃን ማን እያጠባቸው ይሆን?» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ኢክራም ደወለች። ኢክራም ኑዝላ የምትኖር፣ የሴቶች ሰርግ የምትቀርጽ ናት፤ የእኔን ዓይነት ካርድ ከያሲን ገዝታለች። ስለ ሌላ ጉዳይ አውርተን ልንሰነባበት ስንል፣ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ለመቀየር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ጠየቅኋት።

«የአምስቱንም ካሜራ አንድ ላይ ነው የምለቀው» አለች። «ምሳ ሠርቼ ስመለስ አልቋል።»

«አምስት? ያንቺ ካርድ ትንሹ አይደል?»

«ትንሹ ነው። ግን ተከፍቷል እኮ።»

«ምኑ?»

«ካርዱ። ያሲን አልከፈተልሽም? የእኔን አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ። ለሰዓዳ እንዳትነግሪ ብሎኝ ስቆ ነበር። ቀልድ መስሎኝ።»

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ አል-ባላድ ሄድኩ። ያሲን ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ የአንድ ኮምፒውተር ማራገቢያ ፈትቷል።

«ግቢ ሰዓዳ፣ ከየት ተገኘሽ? እናቴ ለኢፍጣር አልመጣችም እያለች ነው፤ ኮርተሻል።»

«የእኔ ካርድ ስንት ይችላል?»

ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ።

«ማን ነገረሽ?»

«ስንት ይችላል?»

«ስምንት» አለ። «ከዚያም በላይ።»

«ከትልቁ በምን ይለያል?»

«ሜሞሪው ያንሳል። ማቀዝቀዣው ያንሳል። ቪዲዮ የሚቀይረው ክፍል ግን አንድ ነው። ካርዱን በሚያዘው ሶፍትዌር ውስጥ ቁጥር አለ። ለአንዱ ሁለት ብለው ጻፉ፣ ለሌላው ቁጥር አልጻፉም። ሦስተኛውን እምቢ የሚለው አቅቶት አይደለም። እምቢ በል ተብሎ ነው።»

«ሃያ ሁለት ከመቶ ያልኩህ ትክክል ነበር።»

«ትክክል ነበር።»

«ረቡዕ ዕለት በስልክ ልትነግረኝ ትችል ነበር?»

«አራት መስመር ትእዛዝ ነው» አለ፣ ወደ ማራገቢያው እያየ። «እችል ነበር።»

«ለኢክራም ከፍተህላታል።»

«ኢክራም ሰርግ ነው የምትቆርጠው። አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ። ብታውቂ ትጽፊዋለሽ። አትጽፊም ነበር?»

«እጽፈው ነበር።»

«ሹፊ፣ ተመልከቺ! ኩባንያው ያንን ሰሌዳ ሲሰጠኝ አስፈርሞኛል። የሚከፍት ሻጭ ሰሌዳው ይነቀላል። አንቺ ከጻፍሽው ያሲን ነው የነገራት ይላሉ፤ እኔና አንቺን ባላድ ሙሉ ያውቀናል።»

«ከሁለት ዓመት በፊት የቺፑ አቅም ነው አልከኝ። ጻፍኩት።»

«ካርቶኑ ላይ ያለውን ነገርኩሽ።»

«ካርቶኑ አቅም አይልም። አይቼዋለሁ። አቅም ያልከው አንተ ነህ።»

ውጭ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ «ጦሪቅ፣ ጦሪቅ» እያለ መንገድ እያስለቀቀ አለፈ።

«ስለ ልጅቷ ነግሬህ ነበር» አልኩት። «ሰዓቱንም ነግሬህ ነበር።»

«ይጠብቃል ብዬ ነው። ወላሂ ሰዓዳ። እነዚህ ሰዎች ዐስር ካሉሽ የማታው ዒሻ ነው። ሰውዬው ይጠብቃል፣ አንቺም ታገኚዋለሽ፣ ነገሩ ያልፋል ብዬ ነው።»

«ሌላ መንገድ ካለ ንገረኝ ስልህ ምን አልከኝ?»

«አላስታውስም።»

ማስታወሻዬን አውጥቼ አነበብኩለት። «ስምንት ሰዓት ከአምስት። ቢኖር እነግርሽ አልነበር?»

ያሲን ከመሳቢያው አንድ የደረሰኝ ወረቀት አወጣ፣ ገለበጠው፣ ጀርባው ላይ አራት መስመር ጻፈ። በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። «ውሰጂው» አለ። ወሰድኩት።

ለአምራቹ ኩባንያ ጻፍኩለት። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ የትንሹ ካርድ ቺፕ ከሁለት በላይ ይችላል ወይስ አይችልም? ምርቶቻቸውን ለተለያዩ ደንበኞች ፍላጎት እንደሚያዘጋጁ የሚገልጽ የሦስት መስመር መልስ መጣ። ይችላል አይልም። አይችልም አይልም። ሁለተኛ ጽፌ ጠየቅሁ። አልመለሱም።

ከዚያ በዓምዴ ላይ፣ በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማስተካከያ አወጣሁ። «ከሁለት ዓመት በፊት የትንሹ ካርድ ቺፕ አቅሙ ሁለት ነው ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ገደቡ የአቅም ሳይሆን አምራቹ ያስቀመጠው ነው። ምንጬ አንድ ሰው ነበር፤ አላጣራሁም።» የያሲንን ስም አልጠቀስኩም። እንደማወጣው ግን አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። የእኔን ጽሑፍ አንብበው ትልቁን ካርድ የገዙ አራት ሴቶች ጻፉልኝ። አንዷ ለዚያ ገንዘብ ስትል የእህቷን መምጫ አዘግይታ ነበር። 

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ ግራፊክስ ካርድ ግድ የላችሁም። እኔም አልነበረኝም። ግን ጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን ዕቃ አስቡት። የእናንተ ነው፣ ካርቶኑን የቀደዳችሁት እናንተ ናችሁ። ሊሠራላችሁ የሚችለውን ግን የማታውቁት ሰው በማታውቁት አገር ቆርጦ አስቀምጦበታል፣ ለምን ስትሉ ደግሞ «አይችልም» ትባላላችሁ። እኔን የከፋኝ መቆረጡ ብቻ አይደለም። ነጋዴ ያሻውን ይሸጥ፤ «ዘግተነዋል» ቢለኝ ዘግተውታል ብዬ እጽፍ ነበር፣ በዚያ ረቡዕም ማን እንደሚከፍተው እፈልግ ነበር። «አይችልም» የተባለን ነገር ግን ማንም ሊከፍተው አይሞክርም።

በራሴም ላይ አንድ ነገር ተለውጧል። ሃያ ሁለት ከመቶ የሚለው ቁጥር ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ፊት ነበር። ቁጥሩ የያሲንን ቃል ሲያፈርስ፣ ቃሉን ይዤ ቁጥሩን ጣልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛ ምንጭ እፈልግ ነበር፤ ኢክራም ጋ ለመደወል አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ ነበር። ዛሬ ደንቡ የማይደርስበት ሰው የለም። እናቴ ዝናብ ዘነበ ብትለኝ ጎረቤቷን እጠይቃለሁ። ይህን ስላችሁ እየኮራሁ አይደለም። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲኖር ቤቱ ይቀዘቅዛል።

የያሲን እናት በዒድ ማግስት ደውለውልኝ ነበር። ስለ ልጃቸው አንድም ነገር አላነሡም። «ልጄ፣ ያ ክፍልሽ አሁንም ባዶ ነው» አሉኝ። እስካሁን አልሄድኩም። ሰሌዳው ሱቁ በር ላይ እንዳለ ነው፤ ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። አቡ ተርኪ የቤቱን ምስል ከኮምፒውተሬ እንዳጠፋ ጠይቆኝ ነበር፤ ከማጥፋቴ በፊት ለአንድ ቀን አስፈቀድኩት። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ካርድ፣ ያሲን የጻፈልኝን አራት መስመር አስገባሁ። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ስምንቱንም ፋይሎች ጫንኩና ልክ በአንድ ሰዓት ተኩል ጀምር አልኩት። ስምንቱም ተነሡ።

ሰባተኛው ካሜራ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ላይ አለቀ።